እዚያ መወለድ ወይስ እዚያ መኖር?

ደብረ ብርሃን፣ ጋቢ የሚያስደርብ ማለዳ። ጋሼ አቦሉን ፉት እያሉ «የእህቴ ልጅ በ2 ዓመቱ በዲቪ አሜሪካ ገባ። አሁን ዜጋ ነው። ለምን ፕሬዚዳንት አይሆንም?» አሉኝ።

የአሁኑ የአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንት የሚሆነው በትውልድ ዜጋ የሆነ፣ 35 ዓመት የሞላውና 14 ዓመት እዚያ የኖረ ይላል። ሕጉ ሲወጣ ሥጋቱ የባዕድ እጅ ነበር። ለአዲስ አገር ያስኬዳል። ዛሬስ? ኦስትሪያ የተወለደው የፊልም ተዋናይ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ካሊፎርኒያን ከ2003 እስከ 2011 (በእነሱ አቆጣጠር) አስተዳድሯል። ለዋይት ሃውስ ግን በሩ ዝግ ነው።

ሌላው ሐሳብ ሴናተር ኦሪን ሃች በ2003 ያቀረቡት ነው፦ 20 ዓመት በዜግነት የቆየ ይወዳደር። አላለፈም። እኔን ይሄኛው ያሳምነኛል። የተወለዱበትን አገር ማን መርጦ ያውቃል?

ጋሼ ጣታቸውን ቆጠሩ። «ልጁ 31 ነው። ሕጉ ከተቀየረ 4 ዓመት ይታገስ» ብለው ቶናውን አስቀዱ።