መሪ ሲቀየር ምን ይቀየራል? የአንድ ኦንላይን ኮርስ ግምገማ

የዜና አርታኢ ነኝ። የሆነ አገር መሪ በቀየረ ቁጥር «በውጭ ግንኙነት አዲስ ምዕራፍ» የሚል ርዕስ ይላክልኛል። አብዛኛውን ጊዜ እሰርዘዋለሁ። ስለ መሪዎች ለውጥና የውጭ ፖሊሲ የሚያስተምር አጭር ኮርስ ሳይ ከኪሴ ከፍዬ የተመዘገብኩት ለዚህ ነው።

ምርጡ ክፍል ስለ ግብፅ የሚያወራው ነው። ፕሬዚዳንት ናስር በ1970 አረፉ፣ በቦታቸው ሳዳት ተተኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1972 የሶቪየት ወታደራዊ አማካሪዎችን አስወጡ። በ1977 ኢየሩሳሌም ሄደው በእስራኤል ምክር ቤት ተናገሩ። በ1979 የሰላም ስምምነት ፈረሙ። አስተማሪዋ ግን ይህን የአንድ ሰው ድፍረት ብቻ አድርጋ አታልፈውም። በመሃል ከእስራኤል ጋር የተደረገው የ1973ቱ ጦርነት አለ። ኢኮኖሚው ተዳክሟል። እስራኤል በ1967 የያዘችውን የሲናይ ምድር ለማስመለስ ደግሞ ከሞስኮ ይልቅ ዋሽንግተን ትጠቅማለች የሚል ስሌት አለ። ይህን ክፍል ደግሜ አየሁት።

የኩባውም ጥሩ ነው። ኦባማ በ2015 ከሃቫና ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነቱን መለሱ፣ ኤምባሲውም ተከፈተ። የንግድ ማዕቀቡ ግን እዚያው ቀረ። የ1996ቱ የአሜሪካ ሕግ ማዕቀቡን የማንሳት ቁልፉን ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ለኮንግረስ ሰጥቶታላ! የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በተቃራኒው በፕሬዚዳንት ፊርማ የሚሄድ ነው፦ ትራምፕ አሜሪካን አስወጡ፣ ባይደን በ2021 መለሷት፣ ትራምፕ በ2025 እንደገና እንድትወጣ አዘዙ። አሁን ሪፖርተሮቼን መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ በፊርማ ነው ወይስ በሕግ?» ብዬ ነው።

ስፔንን ጨርሶ መዝለላቸው ግን አናደደኝ። ዛፓቴሮ በማርች 2004 ምርጫ አሸነፉ፤ በሚቀጥለው ወር ወታደሮቹ ከኢራቅ እንዲወጡ አዘዙ። በምርጫ ቅስቀሳ ወቅት ቃል የገቡት ነገር ነበር። ኮርሱ «መራጩ ለውጭ ጉዳይ ግድ የለውም» ብሎ በአንድ ስላይድ ያልፋል። ስለ ስፔን ጻፍኩላቸው፤ የመጣልኝ መልስ «ስላገኙን እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልእክት ነው።

ፈተናው ቀልድ ነው። ሳዳት ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩ ሳይሆን በስንት ዓመት እንዳዞሩ ይጠይቃል። ሽምደዳ!

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለተማረ ሰው አልመክረውም፤ ብዙ አዲስ ነገር አያገኝበትም። ለጋዜጠኛ ግን የግብፅና የኩባ ክፍሎች ብቻ ክፍያውን ያካክሳሉ። ሰርተፍኬቱ ለብቻው ያስከፍላል፣ እኔ ትቼዋለሁ።