ሴቪያ ያለው ትልቁ መዝገብ ቤት፦ ነፃ ነው፣ ግቡበት

መጀመሪያ ዋናውን ልንገራችሁ። ስፔን ውስጥ ሴቪያ ከተማ ከሄዳችሁ ለካቴድራሉና ለአልካሳሩ ቤተ መንግሥት ብቻ ተሰልፋችሁ እንዳትመለሱ። በሁለቱ መሃል ቀይ ሸክላና ድንጋይ የለበሰ አራት ማዕዘን ሕንፃ አለ። አርቺቮ ኼኔራል ዴ ኢንዲያስ ይባላል፣ በኛ አፍ የኢንዲያስ ጠቅላይ መዝገብ ቤት እንበለው። መግቢያው ነፃ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ካቴድራሉ ጋ ሰው በፀሐይ ሲጠበስ እዚህ በር ላይ ሦስት ሰው ነበር፣ አንዷ እኔ ነኝ። አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ቅሬታም አለኝ፣ ግን ከቤቱ ጋር ሳይሆን በዙሪያው ከሚነግዱት ጋር ነው። እመጣበታለሁ።

ኢንዲያስ ሲባል ህንድ እንዳይመስላችሁ። ስፔኖች አሜሪካንና ፊሊፒንስን በጅምላ እንደዚያ ነበር የሚጠሩት። ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ፣ ከኩባ እስከ ማኒላ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ከየግዛቱ ወደ ስፔን የተጻፈው፣ ከስፔንም የተመለሰው ወረቀት ትልቁ ክምችት እዚህ ነው። ወደ 43,000 የታሰረ የወረቀት ጥቅል፣ ወደ 80 ሚሊዮን ገጽ፣ መደርደሪያው ቢቀጣጠል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው፣ እንዳታምታቱብኝ።)

የምሠራው ማድሪድ ሆቴል ውስጥ ነው። ወደዚህ ቤት የመራኝ አንድ የሜክሲኮ እንግዳ ነው። ሴቪያ ሦስት ቀን ከርሞ ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ምን አገኘህ ብለው “የአያቶቼን አያት” አለኝ። ያኔ ከስፔን ወደ አሜሪካ ለመሻገር ፈቃድ ግድ ነበር። በ1503 የተቋቋመ ካሳ ዴ ላ ኮንትራታስዮን የሚባል መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። ማን ነህ፣ እናት አባትህ እነማን ናቸው፣ ከየት ከተማ መጣህ። ምስክር አምጣ። ቪዛ ነው በቃ! እኔ ለስፔን ቪዛ ስሰበስብ የነበረው የወረቀት ብዛት ትዝ አለኝና ሳቅሁ። የሰውየው ቅድመ አያት ወረቀት አራት መቶ ዓመት ቆይቶለታል። የኔ የልደት ካርድ ከቀበሌ ሁለቴ ነው የጠፋው።

እረፍት ሳገኝ ፈጣኑን ባቡር ይዤ ሄድኩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ የጠበቅሁት ሌላ ነገር ነበር። አጎቴ ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ናቸው፣ ብራና ይጽፋሉ። እኛ ዘመዶቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። እሳቸው ቤት ላደገ ሰው ጥንታዊ ጽሑፍ ማለት ሐረግ የተሳለበት፣ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሲወጣ የሚሳለሙት መጽሐፍ ነው። እዚህ ግን ሰፊውን የእብነ በረድ ደረጃ ወጥቼ ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ስገባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በኩባ ማሆጋኒ በተሠራ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ምንድን ነው? ፋይል። በቃ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ጣሪያው ያምራል፣ መብራቱ ያምራል፣ የተቀመጠው ግን የቢሮ ወረቀት ነው። የክስ መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የመርከብ ጭነት፣ የጉምሩክ ሂሳብ፣ አቤቱታ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ለዚህ ነው እንዴ ባቡር የከፈልኩት?

ሐሳቤን የቀየረው አንድ ማመልከቻ ነው። በ1590 አንድ የጦር ጉዳተኛ፣ ለንጉሡ መርከቦች እህልና ዘይት የሚሰበስብ ሠራተኛ፣ “አሜሪካ ውስጥ ክፍት ከሆኑት ሦስት አራት የሥራ ቦታዎች አንዱን ስጡኝ” ብሎ ለንጉሡ ያመለክታል። የሂሳብ ሹምነት በዛሬዋ ኮሎምቢያ፣ ወይ ጓቲማላ በኩል አንድ አውራጃ ማስተዳደር፣ ወይ ላ ፓስ ላይ ሹመት። ሰውየው ደራሲው ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ ነው፣ ከ15 ዓመት በኋላ ዶን ኪሆቴ የሚባለውን ዝነኛ ልብ ወለድ ያሳተመው። ማመልከቻው ልክ እንደኛ አገር ተመርቷል፣ ባለሥልጣኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጽፎ መለሰለት። ምን ብሎ? “እዚሁ አካባቢ የሚሆነውን ይፈልግ” ብሎ። አለቀ። ያቺ አንድ መስመር የሰውየውን ዕድል ስትዘጋ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የትኛው ባለሐረግ መጽሐፍ ነው እንደዚህ የሚያወራው?

ሁለተኛው የመርከቢቱ ነገር ነው። ኑዌስትራ ሴኞራ ዴ አቶቻ የምትባል መርከብ ወርቅና ብር ጭና በ1622 ፍሎሪዳ አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። ሜል ፊሸር የሚባል አሜሪካዊ ዓመታት ፈለጋት፣ የተሳሳተ ቦታ ላይ። ዩጂን ላዮን የሚባል የታሪክ ሰው እዚህ ሴቪያ ቁጭ ብሎ፣ ብል የበላው የሂሳብ ሰነድ ሲያነብ፣ መርከቧ የሰጠመችበት ደሴት ሌላ መሆኑን አገኘ። በ1985 ዋናው ሀብት ወጣ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት። ብል የበላው የመርከብ ሂሳብ! ማንም ጸሐፊ ያን ወረቀት ሲጽፍ ቅርስ እየጻፍኩ ነው ብሎ አላሰበም፣ ደመወዙን ነው ያሰበው።

ቤቱ ራሱ የነጋዴ ቤት ነበር። የሴቪያ ነጋዴዎች ካቴድራሉ ደጃፍና ግቢ ውስጥ እየተገበያዩ፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ውስጥም እየገቡ አስቸገሩ። ሊቀ ጳጳሱ ቢያመርሩ ንጉሡ ዳግማዊ ፌሊፔ ለነጋዴዎቹ የራሳቸው ቤት እንዲሠራ አደረገ፣ ንድፉን ያወጣው ሁዋን ዴ ኤሬራ ነው፣ ኤስኮሪያል የሚባለውን የንጉሡን ገዳምና ቤተ መንግሥት የሠራው። ንግዱ ከዚህ ከተማ ሲሸሽ ቤቱ የቀድሞ ሥራውን አጣ። በ1785 ንጉሥ ሣልሳዊ ካርሎስ “የአሜሪካ ወረቀት ሁሉ አንድ ቦታ ይሰብሰብ” አለ። ለምን? የውጭ ሰዎች የስፔንን ቅኝ ግዛት የሚያብጠለጥል ታሪክ እየጻፉ ነበር፣ መልስ መስጠት ፈለገ። ሁዋን ባውቲስታ ሙኞስ የሚባለው ሊቅ መልሱን እንዲጽፍ ታዘዘ፣ ሰነዱም ሲማንካስ ከሚገኘው የንጉሡ መዝገብ ቤት በጋሪ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ ክምችቱ የተጀመረው ራስን ለመከላከል ነው። ዛሬ ግን ስፔንን የሚከሱትም ማስረጃቸውን የሚያመጡት ከዚሁ ቤት ነው። ደስ አይልም?

አሁን ቅሬታዬ። በር አካባቢ “የኢንዲያስ ምስጢር” እያለ ሰው የሚሰበስብ አስጎብኚ ካያችሁ እለፉት። እኔ 20 ዩሮ ሰጥቼ አርባ ደቂቃ ስለ ኮሎምበስ የአጽም ክርክር ሰማሁ፣ ስለ ወረቀቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ውስጥ ያለው ጽሑፍና ጊዜያዊ ኤግዚቢሽኑ በነፃ ከዚያ የበለጠ ያስተምራል። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ጎብኚ ሰነድ አይነካም። የተመራማሪዎች ክፍል ከመንገዱ ማዶ ላ ሲያ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር የቀለሙ ነው። ማታ ለየኔታ ደወልኩላቸው። “ቀለሙ ከምን ነው?” አሉኝ ወዲያው፣ ሌላ ሰላምታ የለም። የስፔኖቹ ቀለም ኦክ የሚባል ዛፍ ላይ ነፍሳት ሲወጉት ከሚያብጠው እንክብል፣ ከብረት ጨውና ከሙጫ ነው የሚሠራው። ሲጻፍ ያምራል፣ ይጠቁራል፣ በቀላሉ አይለቅም። ችግሩ አሲድ አለው። እርጥበት ሲያገኘው ወረቀቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ መጨረሻ ላይ ፊደሉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ተቀድዶ ይወድቃል፣ ወረቀቱ እንደ ወንፊት ይቀራል። “የኛ ጥላሸት ነው” አሉ የኔታ፣ ኩራታቸው በስልክ ይሰማል። “ጥላሸትና ሙጫ ማንን ይበላል?” እውነታቸውን ነው፣ ጥላሸት ብራናን አይበላም፣ ውሃ ከነካው መታጠቡ ነው እንጂ። በተገላቢጦሽ ግን ስፔኖቹ የጻፉበት ወረቀት ከበፍታ ጨርቅ ቅዳጅ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራው ርካሽ ወረቀት ነው ፈጥኖ የሚሰባበረው። የ1550 ደብዳቤ ከ1900 ጋዜጣ በላይ ደህና ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ብትሉ፣ ብዙው ነገር ተአምር የለውም። ሙቀቱና እርጥበቱ የማይዋዥቅ ክፍል፣ አሲድ የሌለው ሳጥን፣ የተቀደደውን በስስ የጃፓን ወረቀት መደገፍ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው ደጋግሞ እንዳይነካው ማድረግ። ለዚህ ነው የስካን ሥራውን ገና በ1980ዎቹ የጀመሩት፣ ኢንተርኔት ለሰፊው ሕዝብ ሳይደርስ። የባህል ሚኒስቴሩ፣ አይቢኤምና የራሞን አሬሴስ ፋውንዴሽን ተባብረው ኮሎምበስ አሜሪካ ለደረሰበት አምስት መቶኛ ዓመት፣ ለ1992ቱ በዓል አደረሱት፣ ሚሊዮኖች ገጽ። እኔ የተሳፈርኩበት ፈጣን ባቡርም የዚያው ዓመት ሥራ ነው። የድሮዎቹ ምስሎች ግራጫ ናቸው፣ በዛሬ ዓይን ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው። ቢሆንም ይነበባሉ፣ ዋናው ሰነድም ሳጥኑ ውስጥ ያርፋል።

ይህን ሁሉ ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፓሬስ የሚባለው የስፔን መዛግብት ድረ ገጽ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ ያለ፣ ክፍያ የለውም። የሰርቫንቴስን ማመልከቻ ያየሁት እዚያ ላይ ነው፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ። ስፔንኛ ግን ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ደግሞ የእጅ ጽሑፉ! ፕሮሴሳል የሚሉት የፍርድ ቤት ጽሕፈት አለ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ሳያነሳ መስመሩን ሙሉ እንደ ጥልፍ ያቀጣጥለዋል። ቃል የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። እኔ ስፔንኛ በሥራ ቀን ሙሉ አወራለሁ፣ ሆኖም የመጀመሪያ ቀን ያነበብኩት “ሴኞር” የሚለውን ብቻ ነው። “በአራት ቀን ጥንታዊ ጽሕፈት እናስተምራለን” የሚል የኦንላይን ኮርስ ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። 60 ዩሮ ለአራት ቪዲዮ፣ አንዱ ድምፅ የለውም። ከዚያ ይልቅ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ጀምሩ፣ ፊደሉ ለዛሬ ይቀርባል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ውረዱ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የሜክሲኮ ሰው የአያቶቹን ወረቀት ለማየት ውቅያኖስ ይሻገራል። እኛ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎች ለንደን ያሉብን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ይገባናል። እርግጥ ይሄ ከዚያ ይለያል፣ ይህ ወረቀት አብዛኛው ተዘርፎ ሳይሆን ከጅምሩ ለስፔን ባለሥልጣን የተላከ ነው። እዚያው የቀረው ቅጂ ደግሞ ዕድሉ የተለያየ ነው። ሊማ ላይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ1943 ተቃጠለ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በ1870 አካባቢ ዊሊያም ፓይል የሚባለው የአሜሪካ ገዢ ቢሮ ይጠበኛል ብሎ የስፔን ዘመን መዝገቦችን እንደ ቆሻሻ ወረቀት አሸጠ። ሰዉ ተቆጥቶ ከፊሉ ነው የተመለሰው። እስቲ አስቡት፣ የሰዎች ርስት የሚረጋገጠው በነዚያ ወረቀቶች ነበር። ካርታው የጠፋበት ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? ሜክሲኮ ሲቲ ግን መዝገቧን ሌኩምቤሪ የሚባል የድሮ እስር ቤት ውስጥ ነው ያስገባችው፣ በ1982። ለወረቀት ከዚህ የሚሻል አጥር የለም።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል። ሰኞ ዝግ ነው። ልጆች ትንሽ ይሰለቻሉ፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ፎቶ የምትወዱ ከሆነ ያ ረጅም አዳራሽ ብቻውን ያዋጣል።

የሰርቫንቴስን ማመልከቻ ለየኔታ በስልክ ላክሁላቸው፣ ታሪኩንም ተረኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና “ሥራውን አገኘ ወይ?” አሉኝ።

“አላገኘም የኔታ፣ ከለከሉት።”

“ከልክለውት ሲያበቁ ወረቀቱን አራት መቶ ዓመት አስቀመጡለት?”

“አዎ።”

“ኧረ እነዚህ ሰዎች!” አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።