ለቢዝነስ ተማሪ፦ ኤስኤፒ ወይስ ኦዱ?

ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭንና ሒሳብን በአንድ ቋት የሚያገናኘውን የድርጅት ሶፍትዌር፣ ኢአርፒን (ERP)፣ በስላይድ ብቻ ማስተማር ዋናን በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተማር ነው። ሶፍትዌሩ መከፈት አለበት፤ ጥያቄው የትኛው ነው።

ኢአርፒ ሠሪው የጀርመን ኩባንያ ኤስኤፒ (SAP) ለዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጠው ፕሮግራም ውስጥ «ግሎባል ባይክ» የተባለ ምናባዊ የብስክሌት ኩባንያ አለ። ተማሪው የግዥ ትዕዛዝ ያወጣል፣ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ይመዘግባል፣ የአቅራቢውን ደረሰኝ ያስገባል፣ ይከፍላል። ዕቃው ገቢ ሲደረግ የሒሳብ መዝገቡም አብሮ ሲንቀሳቀስ ማየት የትምህርቱ እምብርት ነው። ችግሩ፣ መመሪያው የሚጫነውን ቁልፍ ሁሉ ስለሚነግር ተማሪው ምን እንደሠራ ሳይገባው ሊጨርስ ይችላል። ዩኒቨርሲቲውም የፕሮግራሙ አባል መሆን አለበት።

የቤልጂየሙ ኢአርፒ ኦዱ (Odoo) «ኮሚዩኒቲ» የተባለው እትሙ ነፃ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል (ለእኛ አገር ክፍሎች ትልቅ ነገር ነው)። ተማሪው ባዶ ድርጅት ከፍቶ ዕቃውን፣ አቅራቢውን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ራሱ ያስገባል፤ ሲሳሳትም ምክንያቱን ይፈልጋል። የተሟላው የሒሳብ ክፍል ግን ያለው በሚከፈልበት እትም ነው፤ ለአካውንቲንግ ተማሪ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

እኔ ብሆን በኦዱ እጀምራለሁ፤ ኤስኤፒን ትልልቅ ኩባንያ ለመቀጠር ለሚያስቡ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አቆየዋለሁ።