ሞርጋን ስቴት ወይስ ቦዊ ስቴት? ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሀበሻ

ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሀበሻ ቤት አዲስ ስም አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው እዚያ ነው። ጃንሆይም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ የክብር ዶክትሬት ተቀብለውበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ችግሩ ሀዋርድ የግል ነው። ቱሽኑ ብቻ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር ያልፋል። ስኮላርሺፕ ካልተገኘ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከጥንት ጀምሮ ጥቁሮችን ሲያስተምሩ የኖሩ አራት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፦ ሞርጋን ስቴት፣ ቦዊ ስቴት፣ ኮፒን ስቴት እና ዩኤምኢኤስ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ኢስተርን ሾር)። ኮፒን ባልቲሞር ነው፤ ትንሽ ነው። ዩኤምኢኤስ ፕሪንሰስ አን ድረስ ያስኬዳል፤ ሩቅ ነው፤ ፋርማሲ ወይም አቪዬሽን የሚፈልግ ልጅ ያለው ግን ሄዶ ይየው። አብዛኛው የእኛ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ የሚከራከረው በሁለቱ ነው፤ በሞርጋንና በቦዊ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪው ይቆጠርለታል ወይ?» የሚል ወላጅ አሁንም አለ። ይቆጠርለታል። ለሁለቱም እውቅና የሰጠው ሚድል ስቴትስ የሚባለው አካል ነው። ለጆንስ ሆፕኪንስና ለኮሌጅ ፓርኩ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድም እውቅና የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው። መግባት የሚችለውም ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ማንም ይማርባቸዋል።

ገንዘቡ

ለሜሪላንድ ነዋሪ የሁለቱም ቱሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ ተደምሮ በዓመት 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ በዚህ አትምረጡ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ግን ክፍያው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ቆም ብሎ ያስብ። ዲሲ የሚኖር ደግሞ ዲሲታግ የሚባለውን ድጎማ ይጠይቅ፤ የነዋሪና የውጭ ክፍያ ልዩነቱን ለማቅለል የተዘጋጀ ነው።

በዲቪ አዲስ የመጣችሁ፣ ይቺን ልብ በሉ። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ሜሪላንድ ውስጥ 12 ወር መኖራችሁን ማሳየት አለባችሁ። የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ታክስ፤ እነዚህን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በስማችሁ አድርጉ። የዘመድ ቤት ቤዝመንት ያለ ውል መኖር ደስ ይላል፣ በኋላ ግን ወረቀት ያሳጣል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ መሙላት ይችላል። ሳይሞላ የቀረ ልጅ ገንዘብ ጥሎ እንደሄደ ቁጠሩት።

ዋናው ወጪ ግን ቱሽኑ አይደለም። ዶርሙና ምግቡ ሲደመር ለነዋሪ ከቱሽኑ ይበልጣል። ስለዚህ የገንዘቡ ጥያቄ ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ይሆናል፦ ልጁ ከቤት ይመላለሳል ወይስ እዚያው ያድራል?

መንገዱ

እዚህ ላይ ቦዊ ያሸንፋል። የማርክ ባቡር ፔን መስመር ግቢው አጠገብ ይቆማል፤ የጣቢያው ስም ራሱ ቦዊ ስቴት ነው። ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ከባቡር ወርዶ በእግር ክፍል መግባት ይቻላል። ሜትሮ የሚጠቀም ኒው ካሮልተን ላይ ባቡሩን ይይዛል። በመኪና ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌዩ (ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና) በትራፊክ ካልተዘጋ ብዙም አይርቅም። (ቤልትዌዩ የማይዘጋበት ሰዓት ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።)

ሞርጋን ሰሜን ምሥራቅ ባልቲሞር፣ ሂለን ሮድና ኮልድ ስፕሪንግ ሌን ላይ ነው። ከሞንትጎመሪ ካውንቲ በየቀኑ መመላለስ በወረቀት ይቻላል፣ በተግባር ልጁን ይገድለዋል። በጠዋት ትራፊክ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ማታም እንደገና። ሞርጋን ከተባለ ዶርም ወይም ባልቲሞር ኪራይ ነው ብላችሁ አስሉ። ዶርሙ ደግሞ ተማሪው ከ10 ሺህ ሲያልፍ ጠቦ ነበር። በ2022 ተርጉድ ማርሻል ሆል፣ በ2024 ሌጋሲ ሆል ተከፍተዋል፤ ያም ሆኖ ማመልከቻውን ቀድሞ ማስገባት ይሻላል።

ከዶርሙ ጋር የምግብ ፕላን አብሮ ይመጣል። ልጁ የሚጾም ከሆነ ከመፈረሙ በፊት ካፍቴሪያው ምን እንዳለው ይጠይቅ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰላጣና ድንች ጥብስ እየበላ ሙሉ ሂሳብ የሚከፍል ልጅ ያሳዝናል።

ትምህርቱ

ሞርጋን ትልቁ ነው። በ1867 በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተመሠረተ፤ በ1939 ስቴቱ ገዛው። ዛሬ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል፣ ምርምርም ይሠራል። ስሙን ያስጠራው ኢንጂነሪንጉ ነው፦ ሲቪል፣ ኤሌክትሪካልና ኢንዱስትሪያል፣ ሦስቱም አቤት የሚባለው የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች መዛኝ ድርጅት እውቅና አላቸው። የአርክቴክቸርና ፕላኒንግ ትምህርት ቤት አለው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አለው፤ ግቢው ውስጥ የራሱ ኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያ፣ ደብልዩኢኤኤ፣ ይሠራል። ልጃችሁ «ሲቪል ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ» ካለ ከሁለቱ የትኛው የሚለው ክርክር አልቋል። ቦዊ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት የለውም።

ቦዊ በዕድሜ ይበልጣል። በ1865 ባልቲሞር ውስጥ ነው የተጀመረው፤ ወደ ቦዊ የመጣው በኋላ ነው። ረጅም ዘመን መምህራን ሲያሰለጥን የኖረ ቤት ነው። በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወቷ ያለፈው መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ማስተርሷን በ1978 የያዘችው ከቦዊ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ሳይንስና ሳይበር ሴኪዩሪቲ ላይ ጠንክሯል። ፎርት ሚድ ለሚባለው የጦር ሠፈርና ለዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅርብ መሆኑ ኢንተርንሺፕ ለሚፈልግ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪው ከ6 ሺህ ጥቂት ቢያልፍ ነው። መምህሩ በስም የሚያውቀው ልጅ መሆን ለሚፈልግ ይህ ይመቻል።

ነርሲንግ፣ ማለትም የግማሹ ሀበሻ ቤት ሕልም፣ ሁለቱም ዘንድ አለ። ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት ነርሲንግ መግባት አይደለም። ቅድመ ኮርሶቹን በጥሩ ነጥብ ጨርሶ እንደገና ማመልከት አለ። ይህን ሳያውቅ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሜጀር የሚቀይር ልጅ ብዙ ነው። የሜሪላንድ የነርሲንግ ቦርድ በየትምህርት ቤቱ ስንት ተመራቂ ኤንክሌክስን፣ ማለትም የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ እንዳለፈ ያወጣል። ከብሮሹሩ ይልቅ እሱን እዩ።

በነገራችን ላይ፣ የሁለቱም ሕንፃና ፕሮግራም ለምን ወደ ኋላ ቀረ የሚል ካለ ምክንያት አለው። ስቴቱ እነሱ የሚሰጡትን ፕሮግራም አጠገባቸው ባሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየደገመ ተማሪ አሳጥቷቸዋል በሚል በ2006 ክስ ተከፈተ። በ2021 በስምምነት አለቀ፤ ለአራቱ ዩኒቨርሲቲዎች በ10 ዓመት 577 ሚሊዮን ዶላር። አሁን የምታዩት አዲስ ፕሮግራምና ስኮላርሺፕ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው።

የግቢው ኑሮ

ሞርጋን የሚታደርበት ግቢ ነው። ስፖርቱ ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ነው፤ ከሀዋርድ ጋር በአንድ ሊግ ይጫወታል። በጥቅምቱ ሆምካሚንግ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ግቢው በሚመለሱበት በዓል፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ የለበሰ ሰው ባልቲሞርን ይሞላል። ሌላ ስታዲየም እረፍት ላይ ሰው ለሆትዶግ ይሰለፋል። እዚህ እረፍት ላይ ማንም አይነሳም፤ ባንዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ከበሮው ደረት ላይ ይሰማል፣ ቱባ የተሸከሙት ልጆች እየጨፈሩ ይነፋሉ፣ ጨዋታውን ማን እየመራ እንደሆነ ለጊዜው ይረሳል። በመዝሙር ክፍል ያደገ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የሞርጋን መዘምራን በመላ አሜሪካ የታወቀ ስም አላቸው።

ቦዊም የራሱ ባንድ፣ የራሱ ሆምካሚንግ፣ ጥቁርና ወርቃማ ቀለሙ አለው። ፉትቦሉ ዲቪዚዮን ሁለት ቢሆንም በሊጉ ኃይለኛ ነው። ግን ብዙ ተማሪ ተመላላሽ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የመኪና ማቆሚያው ይራገፋል። ልጁ ጓደኛ ከፈለገ ክበብ ውስጥ ራሱ መግባት አለበት፤ ማንም እጁን ይዞ አያስገባውም።

ስለ ጸጥታ የሚጠይቅ ወላጅ «ባልቲሞር» ሲባል ይደነግጣል። በጥቅምት 2023 በሞርጋን የሆምካሚንግ ሳምንት 5 ሰዎች በጥይት ቆስለዋል። ከቀናት በኋላ ግን ቦዊም ሆምካሚንግ ላይ 2 ወጣቶች ተመቱ። ስለዚህ ከተማና ገጠር ብሎ መክፈል ብዙ አያስኬድም። ሁለቱንም በምሽት የሚሠራ የሹፌርና የአጀብ አገልግሎት ስለመኖሩ ጠይቁ።

ማንም የማይነግራችሁ ቁጥር

ሁለቱም ዘንድ አዲስ ከሚገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች በ6 ዓመት ውስጥ እዚያው የሚመረቁት ከግማሽ በታች ናቸው። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረውም እንዳልተመረቀ ስለሚቆጠር ቁጥሩን በጥንቃቄ አንብቡት። ዋናው ምክንያት ስንፍና አይደለም፣ ገንዘብ ነው። ጥቂት መቶ ዶላር ቀሪ ሂሳብ ወይም ያልገባ የክትባት ወረቀት አካውንቱ ላይ ሆልድ ያመጣል። ሆልድ ካለ መመዝገብ የለም። እስኪፈታ ክፍሉ ይሞላል፣ ያ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ከሆነ አንድ ዓመት ሄደ። ልጁ በየሴሚስተሩ መግቢያ ፖርታሉን ከፍቶ ሆልድ እንዳለበት ይይ።

ምን እንደሚማር ያልወሰነ ልጅ ካለ የእኔ ምክር ሁለቱንም ለጊዜው ትቶ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ፒጂ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ነው። በ2021 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ አለ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አልቀበልም ካለ ምክንያቱን ለተማሪው ማሳወቅ ግዴታው ነው። ያኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ወደ ቦዊ በባቡር መመላለስ ከሁሉም የረከሰው መንገድ ነው። ኢንጂነሪንግና አርክቴክቸር ግን ኮርሶቹ ሰንሰለት ስለሆኑ ከአንደኛ ዓመት ሞርጋን መግባት ይሻላል፣ ዶርሙም ቢያስወጣ። ዲሲ የሚኖርና እየሠራ የሚማር ደግሞ ቫን ነስ ሜትሮ ላይ ያለውን ዩዲሲን አይርሳ፤ የከተማዋ ብቸኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅም የሕግ ትምህርት ቤትም አለው።

ለጉብኝት ስትሄዱ ቅዳሜ ኦፕን ሀውስ ላይ ብቻ አትሂዱ። ያኔ ሁሉም ፈገግ ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ሂዱና የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሰልፉን እዩ፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዳለም እዚያው ቆማችሁ ደውሉ።