ኮብራ ወይስ ሰቨን? የስፖርት መኪና በቤቱ ጋራዥ መግጠም ለሚፈልግ ገዢ

አሜሪካዊው የቀድሞ የመኪና ተወዳዳሪ ካሮል ሼልቢ የእንግሊዙን የኤሲ ኩባንያ ቀላል መኪና ወስዶ የፎርድን ቪ8 ሞተር የጫነበት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ኮብራ የተባለችው ያቺ መኪና በስድሳዎቹ ዓመታት የተመረተችው በአንድ ሺህ ገደማ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሽጣለች። ዛሬ መንገድ ላይ የሚታዩት ኮብራዎች ታዲያ አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን ባለቤቶቻቸው በገዛ ጋራዣቸው ገጥመዋቸዋል። እኔም ከአጎቴ ልጅ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ አንዷን ገጥሜያለሁ። በኋላም ለንደን የሚኖር ጓደኛዬ ሰቨን የተባለችውን ቀላል የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ሲገጥም ሁለት ሳምንት አብሬው ሠርቻለሁ። ከሁለቱ ሥራዎች በኋላ እምነቴ ይህ ነው፦ ገዢው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት የትኛው ሥራ ደስ እንደሚለው ነው። መኪናዋን አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ብዙ ወራት ከእርሷ ጋር ጋራዥ ውስጥ ያሳልፋልና።

የፋክተሪ ፋይቭ ሮድስተር

ፋክተሪ ፋይቭ በ1995 በሁለት ወንድማማቾች የተመሠረተ፣ በማሳቹሴትስ ዌርሃም የሚገኝ አምራች ነው። ሮድስተር የተባለው የኮብራ ቅጂው የ1965ቱን ባለ 7 ሊትር ኮብራ ይመስላል። ኪቱ፣ ማለትም ገዢው ራሱ እንዲገጥመው የሚሸጥለት የመኪና ክፍሎች ስብስብ፣ ቤት ሲደርስ ከወፍራም የብረት ቱቦ የተበየደው ሻሲ አልቆ፣ የፋይበር ግላሱ አካል ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረው በካርቶን ታሽጎ ነው። በሙሉው ኪት ውስጥ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ራዲያተሩ፣ የነዳጅ ሰርባቶዮውና የኤሌክትሪክ ሽቦው አሉ። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ጎማ፣ ቸርኬና ቀለም ግን ገዢው ለብቻቸው የሚከፍልባቸው ናቸው። በኪቱ ዋጋ ላይ እነዚህ ሲጨመሩ ያለቀው መኪና ከሁለት እጥፍ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ በጀቱም ከመጀመሪያው በዚህ ልክ መያዝ አለበት።

ሥራው የሚጀምረው በመፍታት ነው። አካሉ ለሁለት ለሦስት ሰው ተነሥቶ በእንጨት አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የአሉሚኒየም ላሜራዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ምልክት ይደረግባቸዋል። በትራፓኖ መብሳት፣ ሲሊኮን መቀባት፣ በሪቬት መምታት፣ ቀጣዩን ማንሣት። እኛ አንድ ክረምት ሙሉ ይህን ስንሠራ ከረምን። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ያማረው ይህ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሰልችቶት ሞተሩ እስኪገባ ድረስ አልተመለሰም። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። እንዲህ ዓይነቱን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ የማይወድ ሰው ሮድስተሩን ሊገዛ አይገባም።

ትልቁ ወጪና መዘግየት ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ፋይበር ግላሱ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ መገጣጠሚያው ያረፈበት መስመር ይቀርበታል፤ ያ መስመር ተፍቆ፣ ስቱኮ ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ፣ በሮቹና ኮፈኑ ክፍተታቸው እኩል እስኪሆን ተስተካክሎ ነው ቀለም የሚነካው። ሥራው ለባለሙያ ሲሰጥ ከአስር ሺህ ዶላር በላይ መጠየቁ አያስደንቅም። የእኛን የወሰደው ቀለም ቤት በስድስት ሳምንት አስረክባለሁ ብሎ በአምስተኛው ወር ነው የመለሰልን። ስለዚህ ቀለም ቤቱ ከቆርቆሮ ይልቅ ፋይበር ግላስ የለመደ መሆኑን በፊት ከሠራቸው መኪናዎች ማየት ይገባል።

ርካሽ የሚመስለው መንገድ

ሮድስተሩ ለረጅም ዓመታት በአነስተኛ ኪት መልክም ሲሸጥ ኖሯል። በዚህኛው ገዢው ያረጀ ፎርድ መስታንግ ገዝቶ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና ፍሬኑን አውጥቶ ወደ አዲሱ ሻሲ ያዛውራል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲያማርጥ ላደገ ሰው ይህ እጅግ ያጓጓል፤ እኔንም አጓጉቶኝ ነበር። ስሌቱን ሳደርግ ግን ትርፉ አልታየኝም። ከ1987 እስከ 1993 የተሠሩት መስታንጎች ዛሬ ራሳቸው ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው መኪናዎች ሆነው ዋጋቸው ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፍሬን፣ የፍሪሲዮን ሸራና የመሪ ክፍል እንዳለ አይገጠምም፤ ይታደሳል ወይም ይቀየራል። የተራቆተውን የመስታንግ ሬሳ ማስወገድም የራሱ ጣጣ አለው። መካኒክ ለሆነና ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ካልሆነ በቀር ይህን መንገድ አልመክርም።

ጀምሮ ያቆመ ሰው የሚሸጠው ኪት ግን መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ላሜራው ተመትቶ፣ ብዙ ወጪ ወጥቶበት፣ በትዳር ወይም በሥራ ለውጥ ምክንያት በቅናሽ ይሸጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይታለፍም፦ የፋብሪካው የመነሻ ሰነድ በሻጩ ስም ተሟልቶ ካልተገኘ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ነው። ያለ እርሱ ሊብሬ ማውጣት መከራ ነው።

የካተርሃም ሰቨን

ሰቨን በኮብራዎቹ ትርጉም ቅጂ አይደለችም። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 ያወጣት የሎተስ ሰቨን የማምረት መብት በ1973 ወደ ካተርሃም ኩባንያ ስለተሻገረ የዛሬዋ የቀድሞዋ ቀጥተኛ ወራሽ ናት። ገና ከጥንቱ ለቤት ገጣጣሚ የታሰበች መኪናም ናት፤ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ባለቀለት መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ተፈትቶ በተሸጠው ላይ አይጣልም ነበር።

ልዩነቱ ሳጥኑ ሲከፈት ይታያል። ላሜራው ሻሲው ላይ ተለብጦ፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣ የሽቦውና የፍሬኑ መስመር ተዘርግቶ ይመጣል። ስቱኮ የለም፣ መብሳትም ጥቂት ነው፤ ሥራው በአብዛኛው ብሎንና ዳዶ ነው። ኩባንያው ከ80 እስከ 100 ሰዓት ይገምታል፤ ጓደኛዬ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ጨርሷታል። ላብ ያስወጣን አንዱ ሥራ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው በሰያፍ ሲገቡ ነበር፤ ቀለም የተቀባውን አፍንጫ ላለመጫር በብርድ ልብስ ሸፍነን ጣት በጣት አወረድነው።

በክብደት የሚስተካከላት የለም። 170 የተባለችው አነስተኛዋ ሞዴል በባለ 660 ሲሲ የሱዙኪ ሞተር 84 የፈረስ ጉልበት ይዛ 440 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ 420 የተባለችው ሞዴል በባለ 2 ሊትር የፎርድ ሞተር 210 የፈረስ ጉልበት አላት። ሮድስተሩ በቪ8 ሞተር አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ግን ያስደነግጣል፤ በጎኑ የሚወጣው ማርሚታም ሲወርዱ ቁርጭምጭሚት ያቃጥላል፤ አሜሪካውያን የእባብ ንክሻ ይሉታል። ሁለቱም ዝናብና ሻንጣ የሚችሉ መኪናዎች አይደሉም።

መግጠም ለማይፈልግ ሰው ሦስተኛ ምርጫ አለ። ሱፐርፎርማንስ በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ፣ ቀለሙና መቀመጫው አልቆ፣ ያለ ሞተርና ያለ ካምቢዮ የሚሸጥ ኮብራ ነው። ጥራቱ ግሩም ነው፤ ዋጋው ከኪቱ በብዙ ይበልጣል። ትራፓኖ የመያዝ ፍላጎት የሌለው ሰው በቀጥታ ወደዚህ ቢሄድ ገንዘቡን አላባከነም።

ሕጉ የት አገር ነው?

ምርጫውን ከሁሉም በላይ የሚወስነው የመኖሪያ ቦታ ነው። ብሪታንያ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የተገጠመ መኪና ከመመዝገቡ በፊት የተናጠል ምርመራ ያልፋል፤ መብራት፣ ቀበቶ፣ የጭስ መጠን፣ ሹል ጠርዝ ሁሉ ይታያል። ሰቨን ለዚህ ምርመራ ታስባ ስለምትሠራ እዚያ ላለ ጀማሪ ያለጥርጥር እርሷን እመርጣለሁ። በአሜሪካ ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራውን መኪናው በሚመስለው ዘመን ልክ የሚያቀልለውን ፈቃድ በዓመት ለ500 መኪና ብቻ ትሰጣለች። የሞተሩና የካምቢዮው ደረሰኝ በየቦታው ስለሚጠየቅ አንዲትም ወረቀት እንዳትጣል። ሮድስተሩን በአሜሪካ ለሚገጥም ምክሬ ሙሉው ኪትና አዲስ የፎርድ ሞተር ነው።

ገጥሜ ወደ ኢትዮጵያ እልከዋለሁ የሚል ወዳጅ አለኝ። አገሪቱ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለችና ዕቅዱ በሚኖሩበት አገር መንዳትና መሸጥ ላይ ይቁም።

ሰቨንን ያሰቡ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት በሚነዱበት ጫማ ውስጧ ገብተው ይቀመጡ፤ ፔዳሎቿ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ሰፋ ያለው ሻሲ የሚታዘዘው ከመጀመሪያው ነው፤ በኋላ ማስፋት አይቻልም።