ጎማው ጥሩ ነው፤ ንፋሱን የነገረኝ ግን የለም

የብየዳ ሠራተኛ ነኝ። ፒክአፔ ግማሹን ሳምንት ጀነሬተርና ብረት ተሸክሞ፣ ግማሹን ባዶውን ይሄዳል። ከአራት ወር በፊት ከፋብሪካ የመጣበትን 265/65 አር 17 ጎማ አውልቄ፣ በዚያው ቸርኬ ላይ ከፍ ያለውን 265/70 አር 17 ገጠምኩ፤ ጎኑ ላይ «ኤል ቲ» (ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ ማለት ነው) እና የጭነት ደረጃ «ኢ» (ከባድ ጭነት የሚችል) የሚል የታተመበትን። ጎማው ጭቃ ይቆነጥጣል፤ አስፋልት ላይ ትንሽ ያጉረመርማል። ቁመቱ 3.4 በመቶ ስለጨመረ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል የምሄደው 103 ነው። ይህንን ለምጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ንፋሱ ነው።

ጎሚስታው የጎማውን ጎን አንብቦ 80 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላልኝ። ያ ቁጥር አንዱ ጎማ 1,450 ኪሎ እንዲሸከም የሚያስፈልገው ነው፤ ባዶ ፒክአፕ የዚያን እኩሌታ እንኳ አይጭንበትም። የመኪናው ኋላ እንደ ፍየል ሲዘል ዋለ። ተናድጄ በሾፌሩ በር ላይ ወደተለጠፈው 32 አወረድኩት። ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ንፋስ ቢጎድለውም አያሳብቅም፤ ሲያዩት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጀነሬተሩን ጭኜ አንድ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ቆሜ የጎማው ትከሻ ላይ መዳፌን ባሳርፍ ወዲያው አነሳሁት። 32 የነበረው 40 ደርሷል። በጉዞ ሲሞቅ 4 ወይም 5 መጨመሩ ያለ ነው፤ 8 ሲጨምር ግን ጎማው እየተጣጠፈ ራሱን እያቃጠለ ነው።

የበሩ ቁጥር የተሰላው ለቀድሞው ጎማ ነው። ያኛው 1,120 ኪሎ የሚሸከመው በ36 ገደማ ነበር፤ አዲሱ ያንኑ 1,120 ኪሎ ለመሸከም 50 ይፈልጋል። ወፍራም ጎማ በትንሽ ንፋስ ብዙ ይችላል ብዬ ነበር፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ መኪናውን ከነጭነቱ ሚዛን ላይ አወጣሁት። የኋላው አክስል 1,500 ኪሎ መዘነ፤ ለአንድ ጎማ 750 ማለት ነው። ከጎማው የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሬ፣ ጥቂት መጠባበቂያ ጨምሬ ፊቱን 40፣ ኋላውን በጭነት 46፣ በባዶ 38 አደረግሁ። ለማጣራት በጎማው ጥርስ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በጠመኔ አሰመርኩና ባዶውን መኪና ጥቂት ቀጥ አድርጌ ነዳሁት። በ46 መሃሉ ብቻ ተላጨ፤ በ38 መስመሩ እኩል ደበዘዘ። ጠመኔው ከሰንጠረዡ በታች ውረድ ቢለኝ ኖሮ ግን አልሰማውም ነበር።

ለጎማው ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ ለገጠመልኝ ሰው ሁለት፤ ያውም የጎማዎቹን ባላንስ በደንብ ስለሠራው። የዳሽቦርዱ የንፋስ መብራት አሁንም የሚያውቀው አሮጌውን ቁጥር ነው፤ አዲሱ ጎማ ክፉኛ ሳይጎድል አይበራም። መለኪያዬን በሩ ኪስ ውስጥ አኑሬያለሁ፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ እለካለሁ።