ስቲም ዴክና የማይክሮ ኤስዲ ካርዱ

እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ የቀረበው፣ ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና የሚሠራው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒውተር ስቲም ዴክ፣ 64 ጊጋባይት የሚይዘው ዓይነቱ ቶሎ ስለሚሞላ፣ ጨዋታዎችን በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ መጫን ግድ ይላል። መሣሪያው ካርዱን ኤክስት4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ስለሚያሰናዳው፣ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚሹት የፋይል ፈቃድ፣ ማለትም ፋይሉን ማን ማንበብ፣ መለወጥ ወይም ማስኬድ እንደሚችል የሚወስነው መረጃ፣ ሳይጓደል ይጠበቃል፤ ፋት32 የተባለው የቆየ የፋይል ሥርዓት ይህን አይችልም። የካርድ ማስገቢያው በዩኤችኤስ-1 ደረጃ፣ ማለትም በሴኮንድ ቢበዛ በ104 ሜጋባይት የተገደበ በመሆኑ ትልልቅ ጨዋታዎች ለመከፈት ይዘገያሉ፤ ከተከፈቱ በኋላ ግን ከመሣሪያው የውስጥ ማከማቻ ጋር ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ኔትወርክ በሚደክምበት በኮዬ ፈጬ ለምንኖር ሰዎች፣ መሐል ከተማ የወረደ ጨዋታ በካርድ ተይዞ መምጣቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በዚህ ብቻ እንኳ መሣሪያውን ከልብ እመክራለሁ። ካርድ የሚገዛ ሰው ግን፣ የተጻፈበትን ያህል የማይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ስለሚያጋጥም፣ ኤፍ3 በተባለው ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም ትክክለኛ መጠኑን አስቀድሞ ይፈትሽ።